ጳጉሜ ሦስት፣ ኮምቦልቻ

ከደረቅ ወደቡ ጀርባ፣ ከቆርቆሮ በታች፣
አሮጌ ላፕቶፔ እንደ ወፍጮ እየጮኸች፣
ሦስተኛ ቀኔ ነው።
ያበጀሁት ፕሮግራም ሚዛን ያነባል፣
ታርጋ ይመዘግባል፣ ኩንታል ይደምራል፤
አንድ ነገር ብቻ ተረፈው ከሥራው፦
ባሕር ማዶ ካለው ከዚያ ትልቅ ቤት
"ይለፍ" የሚል ቃል ለምኖ ማምጣት።

ቁልፍ አሉኝ፣ ሰጠሁ።
ሰርተፍኬት አሉኝ፣ አሳየሁ።
መመሪያቸው መቶ ስልሳ ገጽ ነው፣ ዘለቅሁ።
ሽማግሌ እንኳ ቢሆን ለልጅ ጥየቃ የሰደድሁት፣
ሲመለስ ያወራኛል ያየውን ፊት፣
አባትየው ጠቆረ፣ እናትየው ፈገግ አለች ይለኛል፤
የኔ መልእክተኛ ግን ዓይን ሳይጨፈን ደርሶ ይመጣል፣
"አራት መቶ" ይላል፣
ዝም ይላል።

ደወልኩ ለድጋፍ ክፍላቸው።
ያነሳችው ልጅ ትሕትናዋ ማር ነው፤
"በኛ በኩል ሁሉም ደህና ነው" አለችኝ።
በኔም በኩል ሁሉም ደህና ነው።
ታዲያ የታመመው ማነው?

ከበሩ ላይ ሙሄ ክላክሱን ነፋ።
የጫነው ክር ነው፤ መርከቡ አይጠብቅም፤
"ያ ሰውዬህ ዛሬም አይሰማም?"
"አይሰማም።"
"አብሽር" አለ፣ ሳቀ፣ ጎማውን በእግሩ ገፋ።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ።
የጥበቃዋ የእታገኝ ልጆች ራቁታቸውን እየሮጡ ወጡ፣
"ሩፋኤል! ሩፋኤል!" እያሉ ውሃውን እየረጩ።
ሙሄም ኮፍያውን አወለቀ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አዞረ፤
"ሩፋኤል የናንተ፣ ዝናቡ የሁላችን" አለ።
እታገኝ ከዳሱ ሥር "ጳጉሜ ሦስት እኮ ነው" አለችው።

ጳጉሜ።

ወደ ማያው ሮጥኩ። የላክሁትን አየሁት።
ወር፦ አሥራ ሦስት።
እዚያ ቤት ወር የሚያልቀው በአሥራ ሁለት።
እስከ ነሐሴ ሠላሳ ያለፈልኝም ሁሉ፣
ለካ ስምንት ዓመት ሊሞላው ከተቃረበ ቀን ላይ
ተመዝግቦ ኖሯል፣ ያላለፈ መስሎ ያለፈ።
(ይህን ለአለቃዬ አልነገርኩም።)

ቀኑን አስተረጎምኩት። ሴፕቴምበር ስምንት።
ላክሁ።
"ሁለት መቶ።"
በነሱ ቋንቋ እሺ ማለት ነው።

ሙሄ ደረሰኙን በእርጥብ እጁ ተቀበለ፤
አገላብጦ አየና "ይሄ የማን ቀን ነው?" አለ።
ከጆሮው ላይ እስክሪብቶ መዘዘ፣
ከማኅተሙ ሥር በጎባጣ ፊደል ጻፈ፦
"ጳጉሜ 3። ዝናብ ነበር።"
ሞተሩን አስነሳ፣
በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ወረደ።