ክፍል ሁለት

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከስልክ ጠጋኙ ጓሮ፣
አንሙት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ያድራል ዘንድሮ።
የፊተኛው ጨዋታ ተወዶለት ነበር፤
ድንጋይ ገፍቶ፣ ገፍቶ፣ ወንዙን መሻገር።

ለክፍል ሁለትማ መቶ በር ከመረ፣
ርችት አስተኮሰ፣ ሙዚቃ ጨመረ።
የእህቱ ልጅ ይታይሽ ሦስተኛው በር ደርሳ፣
ስልኩን አስቀመጠች ፊቷን ወዲያ መልሳ፦
"ይኼንንማ አምና ጨርሼው የለ ወይ?
ቀለም ቢቀቡትስ፣ ያው አይደል ድንጋይ?"

ሌሊቱን ሲሰርዝ ዘጠናውን በር ጣለ፣
ርችቱን፣ ሙዚቃውን፣ "አይ" እያለ፣ "አይ" እያለ።
ለወንዙ ብቻ ሰጠው አንድ አዲስ ጉልበት፤
ድንጋይ ሲገባበት
ውሃው ተመልሶ ዳር ዳሩን እንዲሞላ፣
በሩን እንዲውጠው ከድልድዩ ኋላ።
የአምናው መልስ እንዲሆን የዘንድሮ ጥያቄ።
(እዚህ ላይ ሲደርስ ነው የተገታው ሳቄ።)

ይታይሽ ገፋችው እንዳምናው፤ ሰጠመች።
ደግማ ሰጠመች። ጨዋታውን አልረገመች፣
"እኔ ነኝ" አለች እንጂ፣ "አላየሁም" አለች።
መልሱ ከአንሙት ከንፈር ጫፍ ላይ ደረሰ፤
ምላሱን ነከሰ።
እንቆቅልሽ ብለህ መልሱን ካቀበልህ
ምን አውቅልሽ የሚል ከየት ታገኛለህ?
"አገር ስጪኝ" አላት፣ ጭንቋን አይቶ ቢያዝን፤
"አልሰጥም!" አለችው፣ "ጅጋን እንኳ! ጅጋን!"

መብራት ሄደ። ባትሪው አራት በመቶ ቀረ።
ደጅ ያለው ቦይ በሐምሌ ጎርፍ ተወጠረ።
አንድ ጭራሮ አየች፣ ከውሃው ጋር ሲወጣ፤
ገባች ከነጭቃዋ፣ እያለከለከች፣ ሮጣ፦
"ግንዱ! ከአምና ጀምሮ እዚያ ጥግ የተኛው!
ጌጥ መስሎኝ! ለካ ታንኳ ነው፣ ለሁለተኛው!"

ገፋች። ሞላ። ተንሳፈፈች። ስልኩም ጠፋ ያኔ።
አንሙት ምንም አላለም። ሲተነፍስ ግን ሰማሁት እኔ።