ድንጋይ የበላው ሞገድ

አያቴ ሲክበው ይህን ቤት በፒኮ ዳርቻ፣
ከተራራው ትፋት፣ ከጥቁሩ አለት ብቻ፣
ግድግዳውን ክንድ ከስንዝር አወፈረው፤
ነፋስ እንዳይገባ፣ ባሕር እንዳይደፍረው።
ነፋስም አልገባ፣ ባሕርም አልደፈረን፤
ዛሬ ግን ያ ውፍረት ከልጃችን አጠረን።

ነጯ ሣጥን አለች፣ ሁለት ቀንድ ያላት፤
ሳሎን ውስጥ ንግሥት ናት፣ ጓዳ ሰሚ የላት።
ስልኬን እንደ ጧፍ ይዤ፣ በእጄ ከልዬ፣
ከምድጃው እስከ ደረጃው እዞራለሁ፣ «አለሽ?» ብዬ።
አንዲት ሥፍራ አለች፣ ከበለሷ ጥላ፤
ግራሲንዳ እዚያ ብቻ ትመጣለች፣ ጥርት ብላ።
ሉክሰምበርግ ነርስ ናት፤ ፈረቃዋ የሌሊት፤
እኔም በሌሊት እቆማለሁ፣ ጃንጥላ ይዤ፣ ከዝናቡ ፊት።

ባሌ ኤርሚኒዮ የራሱ ጦር አለው፤
ቤንቬኑቶ ከሚባል የቴርሴይራ ሰው
ማታ ማታ ዳማ በስክሪን ይገጥማል፤
ሊበላ ሲነሣ ሞገዱ ይከዳዋል፣
ሰዓቱ ያልቅበታል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል።
«ሞገድን ማን አምኖ! የባሕሩም ሞገድ፣
የአየሩም ሞገድ፣ ያው ዘመድ ለዘመድ።
ዓሣ ሳሳድድ ኖሬ አንድ ነገር ነው ያወቅሁት፤
ጀልባዬን ያዳናት ገመድ ነው፣ ቋጥኝ ላይ ያሰርሁት።»

«ማሰር ነው ያወቅኸው፤ መታሰርን እኔን ጠይቀኝ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ወደብ ላይ አንድ መስኮት ያቆየኝ።
ለፋያል፣ ለሳኦ ዦርዥ ትኬት ስቆርጥ ለሰው፣
ሁሉ ተሻገረ፤ ወንበሬ ነው እኔን የጨረሰው።
ከልጄ ጋር ሳወራ እግሬን ማን ይከልክለው!
ልብስ ላስጣ፣ ዶሮ ልጥራ፣ ወይኑን ልየው።»

ቫልዴማር መጣ፣ የኩባንያው ልጅ፣
መለኪያውን ትቶ፣ ግድግዳውን በእጅ
አንኳኳ፤ ሣቀ። «ይህ ድንጋይ ጾም አያውቅም፤ ሞገድ ይበላል።
ሦስት ሣጥን ቢደረደር፣ ሦስቱንም ይውጣል፤
አንድ ቀዳዳ ከፈቀድሽ ግን፣ ሴኞራ፣ ገመድ ያልፋል።»
«የአያቴን ግድግዳ? እንዴት ተደርጎ!» አልሁት፤
አይብና ዳቦ አብልቼ፣ ከነመሰርሰሪያው ሸኘሁት።

ሳምንት አልሞላውም። ማክሰኞ ማታ ነው።
«እማ፣ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ አየኝና...»
ቀጥ አለች። አፏን ከፍታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና።

አየኝና ምን? አየኝና ምን?

ወደ በለሷ ሮጥሁ፤ አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤
ስልኩን ወደ ሰማይ አነሣሁ፤ አፏ እንደተከፈተ ነበረ፤
የቀረው ቃሏ ግድግዳ ውስጥ፣ ከአያቴ ድንጋይ ጋር አደረ።

ሲነጋ ነው የሰማሁት። «...መነጽር ያስፈልግሻል አለኝ።»
መነጽር! እኔ ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ገንዤ ቀበርኋት።
ለቫልዴማር ደወልሁ፤ «ያችን ግድግዳ ና ብሳት!»

መሰርሰሪያው ጮኸ፤ ጥቁር ዱቄት ፈሰሰ ወለሉ ላይ፤
ዓይኔን አስጠግቼ በቀዳዳው ሳይ፣
የዶሮዬ እግር፤ ከኋላው ቁራጭ ሰማያዊ፣
ጣት የማታህል ባሕር።
ገመዱ ሳይደፍናት ጥቂት እንዳያት ለመንሁት።

ኤርሚኒዮ ያን ማታ ሦስት ጊዜ ቤንቬኑቶ በላው፤
ሞገድ የለ የሚከሰስ፤ ምን ሰበብ ይኑረው?
እኔም ከግድግዳው ፊት ተቀመጥሁ፣ እንደ ትኬት መስኮቴ፤
ልጄ ስትመጣ ግን፣ ከልማድ፣ ብድግ አለ ጉልበቴ።
ገመዱ ተወጠረ፤ ኮምፒውተሩ ወደ ጠርዙ ተንሸራተተ፤
ኤርሚኒዮ ዘሎ ቀለበው፣ ዳማውን ከነጠጠሩ ገለበጠ።
ግራሲንዳ ሣቀች፣ በአዲሱ መነጽሯ፤
ስትሥቅ፣ ስትሥቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥራት፣
አፍንጫዋን ስትጠርግ፣ ዝም ስትል አየኋት።
የሣቋን መጨረሻ ካየሁ ስምንት ዓመት።

በቀዳዳው ጠርዝ ግን ነፋስ ይገባል፣ ያፏጫል፣
አያቴ ያልፈቀደው።
ኤርሚኒዮ አሮጌ ካልሲ ወትፎበታል።