የበረዶ አካፋ

ኤይናር፣
ትናንት በስልክ «ሙቀቱ እንዴት ነው?» ስትለኝ፣
«ደህና ነው» ብዬ ዘጋሁት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝ።
ዛሬ ግን ልጻፍልህ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣
ያንን የዓሣ ማጥመጃ ባልዲ እንደ ወንበር ገልብጬ።

ጥር ነው። ሞቢል ከተማ ካፖርት ደርቦ ይንቀጠቀጣል፤
እኔ በሸሚዝ ነኝ፤ ጎረቤቴ ቦይኪን አይቶኝ በሳቅ ይፈርሳል።
አጥሩ ላይ ካሜሊያ ፈክቷል፣ ቀይ፣ ኀፍረት የሌለው፤
ዱሉዝ ላይ በዚህ ወር ቀይ ነገር የሰው አፍንጫ ብቻ ነው።

አካፋውን ታስታውሳለህ? ሰፊውን፣ የበረዶውን?
አባባ እጀታውን በሽቦ ያሰረውን?
ዕቃ ስንጭን ሲግኔ «ጣለው» አለች፤ «ምን ያደርጋል እዚያ?»
ለእልህ ያህል አሰርኩት ከመኪናው ጣሪያ።
አሁን ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሏል፤ የሰፈር ልጆች ያዩታል፤
«ለትልቅ ፒዛ ነው ወይ?» ይሉኛል።

እዚያ በጥር ማለዳ ማንም ማንንም ሰላም አይልም፤
አፍ ሲከፈት ጥርስ ይበርዳል፤ ወሬ በብርድ አይረዝምም።
ግን ሳትነሳ በፊት ደጅህ ተጠርጎ ታገኛለህ፤
ማን እንደጠረገው አታውቅም፤ ምስጋናህን ይዘህ ትቀራለህ።
ሠላሳ ዓመት የኔን ደጅ የጠረገው ሃልቮርሰን መሆኑን የሰማሁት በቀብሩ ቀን ነው፤
ልጁ ስትናገር፤ እሱማ ቃል የማይተነፍስ ሰው።

እዚህ ሰላምታ ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤
የፖስተኛዋ ወሬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይደርሳል።
ዳቦ ሻጯ «የኔ ማር» ብትለኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ደንግጬ
ሲግኔን ዞር ብዬ አየኋት፣ እንደ ሌባ አፍጥጬ።
ሳቀች። እዚህ ከመጣን ወዲህ ሳቅ አብዝታ ነበር፤
ደረቷን ያፈናት ብርድ ለቋት፣ ደረጃ ትወጣ ጀመር።

የሚያስጠላኝም አለ፤ አልደብቅህም። ነሐሴ!
አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ይጠመጠማል በራሴ።
ጫማ ይሻግታል። በረሮው ይበራል፤ አዎ፣ ይበራል!
ያኔ ነው የገባኝ፤ አገር ሁሉ የየራሱ እስር ቤት አለው፤
እዚያ በየካቲት፣ እዚህ በነሐሴ፣ ሰው ደጁን በመስኮት ነው የሚያየው።

ግን ልነግርህ የፈለግኩት ይህን አልነበረም።
እማማ በታኅሣሥ ስትሞት፣ መሬቱ አልተቆፈረም።
ዶማው እሳት ይተፋ ነበር፣ አፈሩ ድንጋይ ሆኖ፤
አምስት ወር ቆየ ሣጥኗ፣ በማቆያው ቤት ተከድኖ።
እሑድ እሑድ ስናልፍ ባርኔጣ እናነሳለን ለበሩ፤
በግንቦት መሬቱ ሲፈታ፣ ልባችንም እኩል ፈታ ከአፈሩ።

ሲግኔ ማክሰኞ ሌሊት አረፈች፤ ሐሙስ ጠዋት ተቀበረች።
አንተን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በረዶ አስሮህ ሳለ፣ እሷ አፈር ለበሰች።
እዚህ መሬቱ ቅቤ ነው፤ እምቢ አያውቅም፤
ሁለት ጎረምሳ በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል፤ ማንንም አይጠብቅም።

አርባ ሰው ቤቴ ሞላ፤ የተቀቀለ ኦቾሎኒ፣ ስኳር የበዛበት ቀዝቃዛ ሻይ፤
ሁሉም ያወራል። ዝምታ ፍለጋ ጋራዥ ገባሁ።
አካፋው ተሰቅሏል። አወረድኩት። ደጅ ወጣሁ።
የማግኖሊያ ቅጠል፣ እንደ ጫማ ሶል የደረቀ፣ መንገዱን ሞልቶታል።
ጠረግኩ። ከኔ በር እስከ ቦይኪን በር፣ ከዚያም እስከ ማዶ፤
ቅጠል አልመስልህ አለኝ፤ በረዶ ነው፣ በረዶ።
ቦይኪን መጣ። ያ ወሬኛ ቦይኪን አፉን አልከፈተም፤
መጥረጊያ ይዞ ጎኔ ቆመ፤ እስኪመሽ ቃል አልተነፈሰም።

እና ኤይናር፣ ሙቀቱ ደህና ነው።
የከበደኝ አፈሩ ነው፤ ቶሎ እሺ ማለቱ ነው።
በግንቦት ና።
እስከዚያ፣ በኔ ቁጥር፣ ገና አልተቀበረችም።