አትርሳው

ሳንጃ ሰሊጥ ጭኖ፣ ሌሊት ነድቶ ደክሞ፣
ጨጨላ ዳገት ላይ መኪናውን አቁሞ፣
ቁልፉን በጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣
«መጣሁ» አለኝና ወደ ሻይ ቤት ዞረ።

እኔ ረዳቱ ነኝ፤ ሸራውን ለብሼ፣
ከሰሊጡ አናት ላይ ታኮ ተንተርሼ፣
ሕልም መስሎኝ ነበር፣ የባሕር ዛፉ ጫፍ
በላዬ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲያልፍ።
ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ፤ ዝም ያለ ጎማ፣
መሪ ያዢም የለው፣ ይወርዳል ከተማ።

ሎሚ ቸርቻሪዋ የሻረግ አየችው፤
እሪ አለች፣ በስሙ ሾፌሩን ጠራችው።
«አትርሳው! አትርሳው!» ስሙ ነው ጩኸቱ፤
ምክርም ነበር ለካ፣ ስታወጣው እናቱ።

ሳፋዋን ገልብጠን፣ ካብ ተደግፈን ስንቀር፣
ሎሚው ብቻ ቁልቁል ይንከባለል ነበር።

ዋጋዋን ከፈለ፣ ከንፈሩን መጥጦ፤
«ታኮው የታለ?» አለኝ፣ ዐይኑን አፍጥጦ።
አልዋሽም፤ ከራሴ ሥር ነበር፣ ሞቆ።

ዛሬ ሾፌር ሆኜ፣ አዘዞ ሜዳ ላይ
ሳቆም እንኳ አልወርድም ቶሎ ብዬ ለሻይ፤
የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ክርርር ሲል ሰምቼ፣
ስሙን እጠራለሁ፣ በሩን ግማሽ ከፍቼ፦

አትርሳው።