የሌይዳ ሚዛን

በባልቲክ ባሕር ላይ፣ ከአንዲት ትንሽ ደሴት፣
የሣር ሜዳ አለ፤ አየር ማረፊያ የሚሉት።
ግንብ የለው፣ በር የለው፣ ድምፅ ማጉያ የለው፤
አንድ ጎጆ ብቻ፣ ቢጫ ቀለም ያለው፤
ከጣሪያው ከፍ ብሎ፣ ንፋስ የሚሞላው
ብርቱካን እጅጌ፣ ክንድ ግን የሌለው።

ማክሰኞና ዓርብ፣ ጉም የፈቀደ ቀን፣
ዘጠኝ ሰው የምትይዝ አውሮፕላናችን
ትወርዳለች ሣሩን፣ በጎች ሲነሡላት፤
በጎቹን ከሜዳው የምታስነሣ ሌይዳ ናት።
ትኬት ቆራጯ እሷ፣ እሳት አጥፊዋ እሷ፣
ጉም በዓይኗ ለክታ፣ «ና፣ ውረድ» ባይዋ እሷ።

ይህ ሁሉ ይቅርና፣ ሌይዳ ሚዛን አላት፣
ድሮ ድንችና ገብስ የተመዘነባት።
አውሮፕላኗ ትንሽ፤ አትችልም ብዙ፤
ሰው እንደ ጆንያ፣ ከነካፖርቱ፣ ከነጓዙ፣
ይወጣል ሚዛን ላይ።

ሙዚቃ ላስተምር ነው እኔ የመጣሁት፤
ለገና ስሄድ፣ «ክብደትሽ?» ስትለኝ፣ «ስልሳ» ብዬ ዋሸኋት።
በአገጯ ጠቆመች። ወጣሁ፤ መርፌው አጋለጠኝ፤
ሰባ አንድ። አልሳቀችም። በእርሳስ ጻፈችኝ።

በዚያ ደብተር ውስጥ ነው የሁላችን ገመና፣
ቁጥር መስሎ የተኛ፣ ስም ሳይጠራ ገና።
ዓሣ አጥማጁ ኤልማር፣ መቶ ስድስት ኪሎ፤
በመስከረም ሄደ፣ «ጥርሴን ነው» ብሎ፤
በኅዳር ዘጠና፤ በጥር ሰባ ሁለት፤
ጥርስ እንዲህ አይከብድም። ሌይዳ ነቃችበት፤
ደብተሯን ከድና፣ «መልካም ጉዞ» አለችው፤
ከፊት አስቀመጠችው፣ ባሕሩን እንዲያየው።

የቫይኬ ልጅ ኬርሊ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ፣
አራት ኪሎ ጨምራ፣ ከዚያ ስድስት፤ እናቷ
«ኬክ ነው» እያለች ስቃ። ሌይዳ ዝም። አንዳንድ ክብደት
ስም እስኪወጣለት በቁጥር ይኖራል፤ አይነገር ለጎረቤት።

ኤልማር በሚያዝያ መጣ፣ ተጋድሞ በሣጥን፤
አብራሪው ወረቀት ሰጣት፤ አየችው ቁጥሩን።
ሃምሳ ስምንት ይላል። እርሳሷን አነሣች፣
በሰላሳ አንድ ዓመት አንዴ ዋሽታ ጻፈች፤
መቶ ስድስት ኪሎ።
አብራሪው ፈረመ፣ ጎንበስ ብሎ።

በጥቅምት፣ ማክሰኞ፣ ሹም ከዋናው ከተማ
መጣ በሚያብረቀርቅ ጫማ።
«ተሳፋሪ አነሰ፤ ጀልባው ይበቃችኋል፤
ቁጥር አሳዩኝ» አለ፤ «ቁጥር ይናገራል።»
(ባሕሩ በረዶ ሆኖ ሲቆም በየካቲት
ጀልባው ድንጋይ ነው፤ ይህን ማንም አልጻፈለት።)
ሰላሳ አንድ ደብተር ከፊቱ ቆለለች።
ገልጦ ገልጦ፣ «ይህ እኮ ክብደት ነው፣ ቁጥር አይደለም» አለ፤ ዝም አለች።
ጉም ወረደ ከዚያ። ዓርብ አለፈ፤ ማክሰኞም።
ጉም ደብዳቤ አያነብም፣ ለሹም ብድግ አይልም።
በሁለተኛው ዓርብ፣ ሚዛን ላይ አቆመችው፤
ሦስት ኪሎ ጨምሯል፤ በኬርሊ ልጅ ክርስትና ዓሣ የበላው ነው።
ውሳኔው እስካሁን አልመጣም።

ሌይዳ ራሷ አንድም ቀን በራ አታውቅም።
ስጠይቃት፣ «በጎቹን ማን ያስነሣል?» ትላለች።
በእናቴ ቋንቋ ሰው «ቀለለ» ከተባለ ክብሩ ጎድሏል፤
እዚህ የቀለለ ወንበሩ ይጸናል፤
እኔ ሁለቱን ማስታረቅ እስከ ዛሬ ተስኖኛል።

አንድ ቀን፣ ሲመሽ፣ ሞተሩ ሩቅ ሲጠፋ፣
አየኋት በመስኮት፣ ቦት ጫማዋን ስትገፋ፣
በካልሲዋ ብቻ ሚዛኑ ላይ ስትቆም።
መርፌውን አላየችም።
ሽቅብ ነበር ዓይኗ፤ እጅጌው ተነፍቶ፣
ክንድ እንዳለው ሰው፣ ወደ ባሕሩ ሲጠቁም።