ልብ አለ

ኤስኪልድ ጀልባ ጠጋኝ፣ የሂርትስሃልስ ሰው፣
ስልሳ ዓመት ሙሉ ምክር ያልመለሰው፣
«መቼ ነው ልብ የምትገዛው?» ስትለው ሚስቱ
በስተርጅና ገዛ፤ ተሰፋ ከደረቱ።
ከግራ ትከሻው ሥር፣ ክብሪት ቀፎ እሚያህል፣
ምቱ ሲዘበራረቅ ቆጥሮ እሚያስተካክል።

ስኳሩን ግን ቢርተ ነበረች ጠባቂው፤
ሃያ ዓመት በእንቅልፏ መዳፏ ከጀርባው፣
ላቡ ሲያረጥባት ብድግ፣
መብራት ሳታበራ
የፖም ጭማቂ በማንኪያ።

አምና ሐኪሞቹ ዕቃዋን፣ ለሙከራ፣
አስተማሯት ደግሞ፦ ከምቱ ቅርጽ ብቻ
ስኳር ሲወርድ አውቃ እንድትጣራ።
«እንግዲህ ተኚ» አሏት።

የካቲት። ነፋሱ መስኮት ያንገጫግጫል።
ራስጌ ያለችው ሳጥን ጮኸች።
ቢርተ ጀርባውን ዳሰሰች፦ ደረቅ ነው።
«ውሸታም» አለቻት።
እሱ ግን ዓይኑን ገልጦ፣ ስሟን ሊጠራ ፈልጎ፣
«ገመዱን ፍቺልኝ፣ ጀልባዋ ልትሄድ ነው» አለ።

አጠጣችው። ተኛ።
እስኪነጋ ቁጭ አለች፤
ልቡ ልብ ብሎለት፣ እሷ ልብ ሳትል ቀርታ።
ኋላ መዳፏን ከጀርባው አንሥታ
እዚያች እብጠት ላይ አኖረች፤
እንደ አዲስ ጎረቤት በር
አንኳኳች በጣቷ፦
«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»