አራት ፊደል

ሐምሌ ነው፤ አምስት ኪሎ፤ የሙዚየሙ ምድር ቤት፤
ዝናብ መስኮቱን ይቆረቁራል፤ መብራት የለም ከጧት።
እኔ መዝጋቢ ነኝ፤ ሥራዬ ቁጥር ነው፤
ገሉን አጥቦ፣ አድርቆ፣ መለያ ማሠር ነው።

ጠረጴዛው ላይ ድንጋይ፤ በጆንያ የመጣ፣
አገሩ የማይታወቅ፣ ከየት እንደወጣ፤
ግራ ቀኙን ዘመን ገምጦ ጨርሶታል፣
መሐሉ ላይ ብቻ አራት ፊደል ቀርቷል፦
መ፣ ለ፣ ከ፣ ተ፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣
የፊደላችን አያቶች፣ ተቀምጠው በተራ።
ካዕብ የለ፣ ሣልስ የለ፣ ሳብዕ የለ፤ ጠራቢው
አጥንቱን ትቶ ሄዷል፤ ትንፋሹ ከአንባቢው።

ዶክተር አስካለ ባትሪዋን አጋድማ
የፊደሉን ጥላ ስትለቅም ከርማ፣
«ንግሥት» አለች በቀስታ፣ በር እንደምታንኳኳ፤
«በጥንቱ ቋንቋ እንዲህ ነው፤ ግን ይህ ብቻ ነው ልኳ።
የቷ ንግሥት? የማን? እስከ የት ድረስ ገዛች?
አልልም። ከድንጋዩ ቀድሜ አልሄድም» አለች።

መሪጌታ ላእከ፣ ከማርያም የመጡት፣
ዣንጥላቸውን ከጥግ አስደግፈው አቆሙት፤
በጣት ዳሰሱና፦ «መለኮት ነው፣ ልጄ።
ንግሥቲቱንማ አውቃታለሁ፣ ታሪኳን በቃል ይዤ፤
ሄዳለች፣ አይታለች፣ ወልዳ ገብታለች ከቤት፤
ለመሆኑ ማን ከሰሳት፣ ድንጋይ የሚመሰክርላት?»

«ከሳሽ የለም» አለች፤ «ጠያቂ ነው ያለ።
እሷስ የሰማችውን ዓይኗ ካልተቀበለ
አላምንም ብላ አይደል፣ እንቆቅልሿን ጭና፣
ያን ሁሉ በረሃ ያለፈች፣ ንግሥት ሆና?»

መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው ቆዩ።
ኋላም ሣቁ።

ሻማ ለኩሶ ገባ ጋሽ ሽኩር፣ ጥበቃው፤
«መለከት ነው» አለ፤ «ያው የሚነፋው፣ ጡሩምባው።»
ሣቅን። እሱ አልሣቀም። «በኛም መጽሐፍ አለች፤
ዙፋኗ ተነግሯል፤ በስሟ ግን አልተጠራች።»
«በጥንቱስ በኛም የለ» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው፤
«ስሙን ያወጣንላት ኋላ ነው፤ ከፍቅር ነው።»
አስካለ ሻማውን ወደ ድንጋዩ መለሰች፤
ፊደሎቹ ጥላ ጣሉ፤ አንዲት ቃል አልወጣች።

የእኔ ቅጽ ግን ስም ይላል፣ ዘመን፣ የተገኘበት ስፍራ፤
ባዶውን በኪሴ ይዤ ማታ ወረድኩ፣ ከዝናቡ ጋራ፣
በአራት ኪሎ በኩል፣ ወደ ዶሮ ማነቂያ።

«ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል ረዳቱ፣ ካፉ ጉም ሲወጣ፤
ስሙ ይጠራል ገና፤ ሰፈሩ ግን ታጣ።
ቤታችን እዚያ ነበር። ዛሬ ሣርና ንጣፍ፤
ምሰሶ በምሰሶ፣ መብራቱ በሰልፍ።
እናቴ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ተቀምጣ፣
«የፋጤ ሱቅ» ትላለች፣ ጣቷን ወደ ማዶ አውጥታ፤
«ቀጥሎ ቧንቧው፣ ቀጥሎ የኛ በር፣ ሁለት ደረጃ።»
አንዱን አታዛንፍም። ክፍሉን ግን እንጃ፤
ሁለት ነበር ሳውቀው። አምና ሦስት አለችኝ፤
ዘንድሮ አራት ደርሷል፤ ማረሙ ጨነቀኝ።

በእጄ የቀረው ቁልፍ ነው፤ በሩ የሌለው።
ሺህ ዓመት ያለፈ እንደሁ፣ አንዱ አፈር ሲያራግፈው
«ሰው ኖሯል» ይላል። እውነት ነው። «ፋጤ» ግን አይልም።
የእናቴን አራት ክፍል ቆፍሮ አያገኝም፤
እሷም አልዋሸችም።

በነጋታው «ስም» ከሚለው ትይዩ ፊደሎቹን ጻፍኩ፤
መ፣ ለ፣ ከ፣ ተ። አናባቢ ሳልጨምር ተውኩ።
ጋሽ ሽኩር በትከሻዬ አይቶ «ረሳኸው» አለኝ።
አልረሳሁትም።

የመሪጌታ ዣንጥላ ከጥጉ እንደቆመ አድሯል፤
ልማድ ሆኖብኝ ክርና መለያ አነሣሁ፤
መልሼ አስቀመጥኩት። ባለቤቱ ይመጣል።